የካማሮዋ ሊብሬ

የዳዊት ሙት ዓመት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልጁ ሐና ደወለችልኝ። ሐና አማርኛውን ጥርት አድርጋ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን እንግሊዝኛው ይቀድማታል። «ጋሼ፣ የዳዲን ካማሮ መኪና ሊያይ አንድ ሰውዬ ከሳን ሆዜ እየመጣ ነው። ኮሌክተር ነው፤ የድሮ መኪና ይሰበስባል። የእርስዎ ሙስታንግ እንዳለች ነገርኩት፤ ሁለቱን ኮምፔር ማድረግ ይፈልጋል። ፕሊስ ይዘዋት ይምጡ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ምን እሺ እንዳልኩ ያሰብኩት። ሰባ ሊሞላኝ ነው፤ ከአፌ ቶሎ የሚወጣው ነገር እስካሁን አልታረመም።

ቀኑ ሲደርስ ሙስታንጓን ይዤ ከቤቴ ከፍሩትቬል ተነስቼ በሳን ፓብሎ ጎዳና ቀስ እያልኩ ኤል ሴሪቶ፣ ዳዊት ቤት ደረስኩ። የዳዊት ሚስት ሰብለ በር ላይ ቆማ ነበር። «እንኳን ደህና መጡ ጋሽ መኮንን» አለችኝ። ሰብለን የምበልጣት በስድስት ዓመት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከሠርጓ ወዲህ አንድም ቀን አንተ ብላኝ አታውቅም ነበር። ሽማግሌ ሆኜ ለዳዊት የጠየቅኳት እኔ ነኛ። ሐና የጋራዡን በር ስትከፍተው ሽታው ቀድሞ ወጣ። የቆየ ቤንዚን፣ ፀሐይ የበላው የወንበር ፕላስቲክ፣ የደረቀ ዘይት። ሽታ ሰው አያስፈቅድም፤ ይዞ ይሄዳል። እኔ እዚያው በር ላይ ቆሜ ሄድኩ።

ዛሬ አፕታውን እያሉ ምግብ ቤት የደረደሩበት የኦክላንድ ሰፈር ያኔ መጠሪያ ስም እንኳ የነበረው አይመስለኝም። እኔ እዚያ አንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ቲኬት እሰጥ ነበር። ዳዊት ጥጉ ላይ ያለ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ያወጣል፣ ሻንጣ ያወርዳል። ከሱዳን በአንድ አውሮፕላን የመጣን ነን፤ አንድ ክፍል ተጋርተን ኖረናል፤ አንድ ኮትም በተራ ለብሰናል። ቡኒ ኮት ነበር፣ የአንገቱ ክፈፍ ትከሻ የሚደርስ። ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በሰባት ብር ነው የገዛነው። በሰባት ዶላር ማለቴ ነው፤ ያኔ ዶላሩንም ብር ነበር የምንለው። ክፈፉ ሰፊ ኮት ፋሽኑ አልፎ ሰው ሁሉ በቀጭን ክራባትና በትከሻ ስፖንጅ ሲሄድ እኛ ገና አልሰማንም ነበር። ቡና በሃምሳ ሳንቲም፣ ቤንዚን በአንድ ዶላር ከምናምን። የካሴት ዘፈን ከአንዱ ለአንዱ እየተገለበጠ ይሄድና መጨረሻ ላይ ዘፋኙ ከባልዲ ውስጥ የሚዘፍን ይመስል ነበር፤ ያንንም ቢሆን ወደነው ነበር የምንሰማው።

ቤንዚን ተወደደ ተብሎ ፈረንጁ ሁሉ ወደ ትናንሽ መኪኖች የዞረበት ጊዜ ነበር። እነዚያ በእነሱ ስልሳዎቹ የተሠሩት፣ ትልቅ ሞተር የተሸከሙት ባለ ሁለት በር መኪኖች የሚሸጥ የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው በየመንገዱ ዳር ይውሉ ነበር። ዛሬ ሰው በፍላሽ ላይት የሚመረምራቸው፣ በጋቢ ሸፍኖ የሚያሳድራቸው እነሱ ናቸው፤ ማን አወቀ። እኔ ካማሮዬን በዘጠኝ መቶ ገዛሁ። ዳዊት ሙስታንጉን በሺህ አንድ መቶ። ወይስ የተገላቢጦሽ ነው? አይ፣ እሱ ነው የበለጠ የከፈለው፤ ቀይ ስለነበረች። የእኔዋ ሰማያዊ ነበረች። ሐና ግን አሁን «ጋሼ፣ ኢት ኢዝ ግሪን» ትለኛለች። እኔ ሰማያዊ ነው የማውቃት፤ ዓይኔ ነው ወይስ ቀለሙ ነው የዞረው፣ እንጃ።

የምሳ ሰዓታችን በእነሱ ክርክር ነበር የሚያልቀው። ዳዊት «ሙስታንግ ማለት መስመር ነው» ይላል፤ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ቂጧ ቁርጥ ያለ፣ ቆማ እንኳ የምትሄድ የምትመስል። «ያንተዋ እኮ የተኛች ላም ናት!» እኔም አልተውለትም፤ ካማሮ ዝቅ ብላ ሰፍታ መሬቱን ትይዛለች፣ መታጠፊያ ላይ አትንገዋለልም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድምፅ አላት። ስትነሳ ደረትህ ውስጥ ነው የምትሰማት። የእሱዋ ስትነሳ ቶሎ ትቀድመኛለች፤ መቶ ሜትር ሄዳ ትደክማለች እንጂ። ቤንዚን ሁለቱም እንደ ጠላ ነው የሚጠጡት፤ በዚህ ብቻ እንስማማ ነበር። የአሁኑ ኮሌክተር በዚያ ጋራዥ በር ላይ ያወራው ሁሉ እኛ ያኔ ዳቦ እያላመጥን ያወራነው ነው፤ ልዩነቱ እሱ መጽሐፍ መያዙ ነው።

ያን ጊዜ ሳን ሆዜ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም። እሑድ እሑድ ኦክላንድ ውስጥ በተከራየነው አዳራሽ ነበር የምንቀድሰው። መኪና ያለው መኪና የሌለውን እንዲያመጣ ተባለና ሳን ሆዜ ለእኔ ደረሰኝ። ሁለት እናቶችና ሰብለ። ሰብለ ከአጎቷ ከጋሽ ተፈራ ጋር ነበር የምትኖረው። ጋሽ ተፈራ ከሁላችንም ቀድሞ የመጣ፣ የመኪና ቦዲ ሠራተኛ፣ ኮስታራ ሰው ነው፤ እሑድንም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ወንድ ቤት ድረስ መጥቶ ወሰዳት እንዳይባል ሰብለ ወደ ጥጉ ወጥታ፣ ልብስ ማጠቢያው ቤት ጋ ትጠብቀኝ ነበር። ሳሙና የሚሸት ጥግ ነው። ቢጫ ሹራብ ትለብስ ነበር፤ ወይም ነጠላዋ ጥለቱ ቢጫ ነበር፤ አንድ ቢጫ ነገር እንደነበረ ብቻ እርግጠኛ ነኝ። አንድ ቀን እንዴት ሁልጊዜ ቀድማ እንደምትወጣ ስጠይቃት «ካማሮህ ከሦስት መንገድ ማዶ ነው የምትሰማው» አለችኝ። ያን ቀን ሳን ሆዜን ከኦክላንድ የሚያገናኘው መንገድ አጠረብኝ። ያኔ መንገዱ በሌላ ቁጥር ነበር የሚጠራው፤ እኔ አሁንም በድሮ ቁጥሩ እየጠራሁ ሰው አሳስታለሁ። ወደድኳት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሷም።

እንግዲህ ሽበቴ ነው ያመጣብኝ። ስደተኛው ሁሉ ወጣት ነው፤ አባት የለ፣ አያት የለ፣ ሽማግሌ የሚባል ፍጡር በከተማው የለም። ማግባት ደግሞ አልቀረም። የሴቷ ቤተሰብ ሽማግሌ ካልተላከ አይሰማም። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ጆሮዬ አካባቢ ሽበት ጣል ጣል ያደረገብኝ እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ቡኒውን ኮት አልብሰው በየቤቱ ይልኩኝ ጀመር። ከማል ደግሞ የወሎ ሰው ነው፣ ነዳጅ ማደያ ነበር የሚሠራው፤ ሽበት ባይኖረውም አፉ ማር ነው። ሁለታችን ሦስት ቤት ጠይቀን ሦስቱንም አግኝተናል። ስማችን ወጣ። ልጅ ነን፣ ነገር ግን ኮቱን ስንለብስ እኛው ራሳችን አምነነው ድምፃችንን እናወፍር ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዳዊት ስለ መኪና ሳይከራከር ቀረ። «ሰብለን ልትጠይቅልኝ ነው» አለኝ። ዳቦዬን በወረቀቱ መልሼ ጠቀለልኩ። «የትኛዋን ሰብለ?» አልኩት፣ ሌላ ሰብለ እንዳለ ሁሉ። እኔም እፈልጋታለሁ ማለት ይቻል ነበር። በዚያች ደቂቃ ይቻል ነበር። ግን ወንድሜ ነው፣ ቀድሞ የተናገረውም እሱ ነው። አንዴ ሽማግሌ ሁንልኝ ከተባልክ ደግሞ ያችን ልጅ ለራስህ መጠየቅ ነውር ነው፤ አደራ መብላት ነው። እሺ አልኩ።

የሄድነው የሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ነው። ዳዊት በእሱ ሙስታንግ እንድንሄድ ፈልጎ ሌሊቱን ሲያጥባት አድሯል። ጠዋት አስነሺዋ ሞተሪኖ እምቢ አለች። አብሮን ሊሄድ የነበረው ሦስተኛ ሽማግሌም የሥራ ፈረቃ አንቀይርልህም ብለውት ቀረ። ከማልና እኔ በካማሮዬ ሄድን። ጣቴ ላይ የዘንባባ ቀለበት እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ መሪውን ስይዝ ትጎረብጠኝ ነበር። መኪናዋን ከጋሽ ተፈራ ደጃፍ አቆምኳት።

ጋሽ ተፈራ ቁጭ በሉ አለን። «ጉዳያችንን ሳይሰሙ አንቀመጥም» አልን እንደ ወጉ። ከማል ማሩን አፈሰሰው፤ ልጃችን እንዲህ ነው፣ ዘሩ እንዲያ ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው። ጋሽ ተፈራ ዘሩን አልጠየቀም፣ ደመወዙንም አልጠየቀም። በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ከዚያ ተነስቶ ወጣ፤ ተከተልነው። ካማሮዋን በጣቱ አንጓ ከፊት እስከ ኋላ እያንኳኳ ዞራት። ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አውጥቶ በሩ ላይ፣ የጎማው ክፈፍ ላይ አስጠጋ፤ በያለችበት ጥብቅ አለች። ኮፈኑን ከፍቶ አየና ዘጋው። «ይቺ ንጹህ ብረት ናት። ከፋብሪካ እንደወጣች ናት» አለ። «አንድ ጊዜ እዚያ አዳራሹ ግቢ አንዲት ቀይ ሙስታንግ አይቻለሁ። ከላይ ቀለም፣ ከታች ዝገት የደፈነ ስቱኮ። ማግኔቴ አልያዘም። የዚያችን ባለቤት አላውቀውም፤ ግን ሰው መኪናውን ነው የሚመስለው። እህቴ አደራ የሰጠችኝን ልጅ ለእንደዚያ ያለ አልሰጥም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ይቺ የልጁ ናት?»

እዚህ ጋ ነው እስከ ዛሬ የሚዞርብኝ። ከማል አየኝ። አይደለችም ካልኩ ቀጥሎ የልጁ የትኛዋ ናት መባሉ አይቀርም፤ ዳዊት አለቀለት። ማን ቀረ? እኔ። ወንድሜን በአንድ ቃል ጥዬ እሱ የፈለጋትን ልጅ ላገኝ ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ አሰብኩ ወይስ በኋላ ነው ያሰብኩት? ለዳዊት አዝኜ ነው? ራሴን ፈርቼ ነው? ወይስ ያ ሰው መኪናዬን ሲያሞግስ ደስ ብሎኝ አፌ አምልጦኝ ነው? ምኑንም አላውቅም። «አዎ፣ የዳዊት ናት» አልኩ።

ጋሽ ተፈራ ገብቶ ወደ ጓዳ አለፈ። በመስኮቱ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የአንድ ሰው ጣት ገለጥ አደረገውና መለሰው። ደጋግማችሁ ተመላለሱ ሳይለን፣ ሌላ ቀን ሳይቀጥረን፣ እዚያው ተመልሶ «እሺ ብላለች» አለን። ከማል መንገዱን ሙሉ እየሳቀ ነው የተመለሰው። እኔ የዘንባባውን ቀለበት ከጣቴ አውልቄ ኪሴ ከተትኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሽማግሌ ዋሸ ከተባለ እኛ ብቻ ሳንሆን በኋላ የሚላከውም ሁሉ አይታመንም። ለዳዊት ስነግረው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሳቀ። «እኔ በላም ልሄድ ነው?» አለ። በኋላ ተነስቶ «በል ሊብሬህን አምጣ፤ ያንተ ቃል ከሚወድቅ የእኔ መኪና ትሂድ» አለኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ማክሰኞ ዕለት የመኪና መዝገብ ቢሮ ሄደን ሁለቱን መኪኖች በስም ተለዋወጥን። ዳዊት ለሰብለ ካማሮዋን ከእኔ ቀደም ብሎ እንደገዛት፣ እኔ የምነዳት በውሰት እንደነበረ ነገራት። እኔ ሙስታንጉን ይዤ ቀረሁ። በሰብለ ደማቅ ሠርግ ላይ የሙሽራውን መኪና የነዳሁትም እኔው ነኝ፤ ካማሮዋን ለመጨረሻ ጊዜ የነዳሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሰብለ እኔን እርስዎ ማለት የጀመረችው።

አላገባሁም። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ሥራ እላለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የሙስታንጉን ስቱኮ እየፋቅኩ፣ የዛገውን እየቆረጥኩ፣ በእውነተኛ ብረት እየለወጥኩ ኖርኩ። ምን ለማን ላሳይ እንደሆነ አላውቅም፤ ጋሽ ተፈራ ከሞተ ቆይቷል።

ወደ ጋራዡ የመጣው ኮሌክተር ነጭ ፂም ያለው፣ ትሁት ሰው ነው። እሱም ማግኔት ከኪሱ ሲያወጣ ወንበር ፈለግኩ። ሙስታንጓ ላይ አስጠጋት፤ በያለችበት ያዘች። ካማሮዋ ላይ አስጠጋት፤ ከበሩ በታች፣ እርጥበት በበላው ቦታ፣ ወደቀች። ሰውዬው ግን ካማሮዋን ነው የወደዳት፤ ሞተሯ ከፋብሪካ አብሯት የተወለደው ነው። ሙስታንጓ ታምራለች፣ ነገር ግን ብዙ ብረቷ አዲስ ነው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው ደግሞ ያልተነካ ነገር ነው አለ። እኔ ምን ልበል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ስነካት ነው የኖርኩት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ የማን የማን እንደነበረች የሚያሳይ ወረቀት ካለ ዋጋዋ ይጨምራል አለ። ሐና ከዳሽቦርዱ ሳጥን አንድ የተጣጠፈ ፖስታ አወጣች። «ማሚ፣ እዚህ አለ። ኦልድ ሊብሬ» አለችና ለእናቷ ሰጠቻት።

ሰብለ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ሁለተኛ አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን እንደያዘች ወደ ቤት ገባች። ሐና ሰውዬውን ለማነጋገር ወደ መንገዱ ስትወርድ ሰብለ ተመለሰች፤ በሌላኛው እጇ ጥግ ጥጉ ያለቀ ውዳሴ ማርያም ይዛለች። የኋላውን ገጽ ገልጣ አሳየችኝ። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ቀን ነው።

«እሺ ያልኩበት ቀን ነው። የዚያኑ ዕለት ጻፍኩት፤ ሆሳዕና ነበር» አለች። «ይህ ሊብሬ ከአንተ ወደ ዳዊት የዞረው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።»

ቀኑን ደግሜ አነበብኩት።

«አጎቴ ጓዳ ገብቶ ‹ደጅ ያለችው መኪና ባለቤት ጠይቆሻል፤ ልጁ መልካም ነው› አለኝ። ስሙንም ሳልጠይቅ መጋረጃውን ገልጬ አየሁ። ካማሮዋ ነበረች። አንተም አጠገቧ ቆመሃል። ሽማግሌ ሲያጣ ጊዜ ራሱ መጣ ብዬ ሳቅኩ፤ እሺ አልኩ። ከዚያ ዳዊት መጣ። መኪናዋ የእሱ ናት፣ ቀድሜ ገዝቻታለሁ አለኝ። ሽማግሌዎቹም እንደዚያ ብለዋል አሉኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ተቀበልኩት። ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ የአጎቴ ፊት አለ። ይህን ሁሉ ዓመት የራሴ ጅልነት ነው ስል ነው የኖርኩት።» መነጽሯን አወለቀች። «ዳዊት ደግ ሰው ነበር። ወድጄዋለሁ፣ በእሱ አልጸጸትም። ግን ልወቅ። የዚያን ቀን መኪናዋ የማን ነበረች?»

ሽማግሌ አይዋሽም እያልኩ ውሸቴን እውነት ለማድረግ መኪናዬን ሰጥቻለሁ። አሁንም ያንኑ «የዳዊት ናት» ለማለት አፌ ተዘጋጅቶ ነበር። አልወጣም።

«የእኔ ነበረች» አልኳት። «ምን ላድርግ ሰብለ፣ ለሰው ልጠይቅ ተልኬ ነው የመጣሁት። ለራሴ መጠየቅ አልችልም ነበር። ሽማግሌ ነበርኩ።»

ወረቀቱን ውዳሴ ማርያሙ ውስጥ አስገብታ ዘጋችው። እጇን ካማሮዋ ኮፈን ላይ አሳረፈች፤ ከታች ሐና ከሰውዬው ጋር ስትስቅ ይሰማል።

«ሽማግሌ አልነበርክም፣ መኮንን» አለችኝ። «ሃያ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር።»